ማን ይቁም፣ ማን ይሂድ? ባለብዙ ትሬድ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ሲታደን

የከተራ ማታ ጎንደር ላይ አልጋ መፈለግ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ታቦታቱ ፋሲል መዋኛ ወርደው ያድራሉ፤ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒያሳ መንገዱ በእንግዳ ይሞላል፤ አልጋው ሁሉ ቀድሞ ተይዞ ያለቀ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደወሉልኝ። «ያንተ ኮምፒውተር 12 ቁጥርን ለሁለት ሰው ሰጠብኝ እኮ» አሉኝ። ሁለቱም እንግዶች ደረሰኝ ይዘዋል። ሁለቱም ደረሰኞች የወጡት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የማሳብብበት ሰው አልነበረም።

እትዬ አንደኛውን እንግዳ የገዛ ቤታቸው ወስደው አሳደሩት። እኔ ደግሞ ኮዱ ላይ አፍጥጬ አነጋሁ። ያን ስህተት ለመያዝ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ሲገኝ ሁለት መስመር ነበር። ቀኖቼን የበላብኝ ዲበገሩ፣ ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ነው፤ «አቁም» ስለው ማንን እንደሚያቆም፣ «አንድ መስመር ሂድ» ስለው ማንን እንደሚያስኬድ አላውቅም ነበር። ብዙ ፕሮግራመር ዓመታት ሠርቶም ይህን ጥያቄ አንስቶ አያውቅም፤ በባለአንድ ትሬድ ፕሮግራም የሚቆመውም የሚሄደውም አንዱ ራሱ ስለሆነ።

«ትሬድ» ለምን እንደምል ልናገርና ልለፍ። «ክር» የሚለው ትርጉም ወረቀት ላይ ያምራል፤ ግን ቤት ተቀምጬ በስልክ «ክሩ ተበጠሰ» ብል እናቴ ማዕተቤን የበጠስኩ መስሏት ንስሐ አባቴን ትጠራብኛለች። ስለዚህ ባልደረቦቼ እንደሚሉት ትሬድ እላለሁ።

ተራ ፕሮግራም አንድ ሰው ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ወረቀት ነው። ባለብዙ ትሬድ ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ወረቀት ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ፍጥነት ሲፈጽሙት ነው። አንዱ አሥረኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሌላው ገና ሦስተኛው ላይ ነው። የት እንደደረሰና በየት በኩል እንደመጣ እያንዳንዱ በራሱ ስታክ ይይዛል። የሚያነቡበትና የሚጽፉበት ሜሞሪ ግን የጋራ ነው። ማን መቼ ተራ እንደሚያገኝ የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ያለው ሼጁለር ነው፤ እኛን አያማክርም።

የእኔ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ትንሽ ሰርቨር ነበር። ለምን በሱ አትበሉኝ፤ ያኔ በደንብ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። ምድር ቤት እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ፎቅ ላይ ደግሞ በስልክ የሚያዙትን የምትመዘግበው ልጅ ሌላ አላት። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ትሬድ ይመድባል። ክፍል ሲያዝ ትሬዱ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ክፍሉ ነጻ መሆኑን ያያል፤ ሒሳቡን ያሰላል፤ ከዚያ የእንግዳውን ስም ክፍሉ ላይ ጽፎ ደረሰኝ ያወጣል። ሎክም ነበረው። ሎክ ማለት አንድ ቁልፍ ነው፤ የያዘው ይገባል፣ ያልያዘው ደጅ ይጠብቃል። ትሬዱ ክፍሉን ሲያይ ቁልፉን ይወስዳል፤ አይቶ ይመልሰዋል። ሲጽፍ እንደገና ወስዶ፣ ጽፎ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት ኮዱ ደህና ነው ብዬ ልምል እችል ነበር።

አሁን ቁጠሩልኝ። ሁለት ትሬዶች ሦስት ሦስት እርምጃ ሲኖራቸው፣ ስድስቱ እርምጃዎች ሊደባለቁ የሚችሉባቸው ቅደም ተከተሎች 20 ናቸው። ከ20ዎቹ 12 ቁጥርን ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጡት ሁለት ናቸው፤ እነሱም አንዱ ትሬድ ሦስቱንም ጨርሶ ሌላው ሲጀምር የሚሆኑት። በቀሩት 18 ግን አንዳቸውም ሳይጽፉ ሁለቱም «ነጻ ነው» የሚለውን አይተዋል። ይህን ወረቀት ላይ ስቆጥር ደነገጥኩ። ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ምንም አልተፈጠረም? በማየትና በመጻፍ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ ሁለቱ ሠራተኞች በዚያች ቅጽበት አንድ ክፍል ላይ የሚገናኙት ደግሞ አልጋ አልቆ አንድ ሲቀር ነው። ጎንደር ላይ ያ ቀን ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ስህተት ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል፤ ውጤቱ ማን ቀደመ በሚለው ላይ የተንጠለጠለ።

በማግስቱ ጂዲቢን ከፈትኩ። ጂዲቢ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው፣ እስካሁን ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ዲበገር ነው። ክፍሉን የሚያየው መስመር ላይ ብሬክፖይንት፣ «እዚህ ስትደርስ ቁም» የሚል ምልክት፣ አኖርኩና ከሁለቱም ኮምፒውተሮች 12 ቁጥርን ያዝኩ። ፕሮግራሙ ቆመ። መስመር በመስመር ሄድኩ፤ ትክክል ሠራ። ደገምኩት፤ አሁንም ትክክል። ብሬክፖይንቱን አንስቼ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሳዘንብበት አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ዲበገሩን ስመልስ እንግዳ እንደመጣበት ልጅ ጨዋ ይሆናል። ሲያዩት የሚጠፋ እንዲህ ያለ ስህተት በሙያው ሰዎች ዘንድ ሃይዘንበግ ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከፊዚክሱ ሃይዘንበርግ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ምክንያቱ ተራ ነው። ዲበገር ጊዜን ያዛባል፤ ይህ ስህተት ደግሞ የሚኖረው በጊዜ ውስጥ ነው።

ብሬክፖይንት ሲኖር በውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ብዙ ነገር ያቀላል። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ዲበገሩ በመረጣችሁት መስመር መነሻ ያለችውን አንዲት ባይት ያነሳና በምትኳ የወጥመድ ትእዛዝ ይተክላል። ኮዱ የሁሉም ትሬዶች ስለሆነ ወጥመዱም የሁሉም ነው፤ የረገጠው ማን እንደሆነ አይለይም። አንዱ ሲረግጠው ከርነሉ፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ለዲበገሩ ይነግረዋል፤ ጂዲቢም ወዲያው የቀሩትን ሁሉ ባሉበት ያቆማቸዋል። «ባሉበት» ስል የምር ነው። አንዱ አንድን መስመር አጋምሶ፣ ሌላው እናንተ ያልጻፋችሁት ላይብረሪ ውስጥ ገብቶ፣ ሦስተኛው ከኔትወርክ ዳታ እየጠበቀ ሊቆም ይችላል። ይህ አሠራር ኦል ስቶፕ ይባላል፤ ጂዲቢ ሌላ ካልተነገረው የሚከተለው ይህንን ነው። እናንተ መዝገቡን ስታነቡ ማንም አይሰርዝም፣ ማንም አይጨምርም። እስከዚህ ጥሩ ነው።

እኔን የሸወደኝ መሄዱ ላይ ነው። «ኔክስት» ብዬ አንድ መስመር ስራመድ፣ የያዝኩት ትሬድ ብቻ የሚሄድና ሌሎቹ እንደቆሙ የሚጠብቁኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ሁሉም ይለቀቃሉ። የእኔ ትሬድ አንዷን መስመር እስኪጨርስ እነሱ በሙሉ ፍጥነታቸው ይሮጣሉ፤ ለእኔ አንድ መስመር የሆነው ለእነሱ ሺህ መስመር ሊሆን ይችላል። የእኔ መስመር ሲያልቅ እንደገና ሁሉም ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ጂዲቢ ትሬዶችን እንደ ሰልፈኛ እኩል አንድ አንድ እርምጃ አያራምድም። ተራውን የሚያድለው ያው ሼጁለሩ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ኔክስት ብዬ ስጠብቅ ሌላኛው ትሬድ በመሃል ያንኑ ብሬክፖይንት ይረግጣል። ጂዲቢ ያኔ ይቆምና ፊቱን ወደዚያኛው ያዞራል። ስክሪኑ ላይ «ስዊቺንግ ቱ ትሬድ» የምትል አንዲት መስመር ትወጣለች፤ እኔ አላየኋትም። የኮዱ መስመር ያው ነው፤ የቫሪያብሎቹ ስም ያው ነው፤ ውስጣቸው ያለው ብቻ ሌላ ሆኗል። የእንግዳውን ስም ከኋላዬ የሚለውጥ የሜሞሪ ስህተት አለ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስቆፍር ከረምኩ። ስሙ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ሰውዬው ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ከምንም በፊት «ኢንፎ ትሬድስ» እላለሁ። ዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ትሬድ ቁጥር አለው፤ የት እንደቆመም ከጎኑ ተጽፏል፤ አሁን የያዛችሁት ላይ ኮከብ አለበት። ወደ ሌላው ለመዞር «ትሬድ» ብላችሁ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። መዞሩ ማንንም አያንቀሳቅስም፤ የሚዞረው ዓይናችሁ ነው። ትሬዶቹን ኮዱ ውስጥ ስትፈጥሯቸው ስም ብትሰጧቸው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ከቁጥሩ ጋር ስሙንም ታያላችሁ። ሊኑክስ ላይ ስሙ ከ15 ባይት ማለፍ አይችልም፤ የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ስለሚወስድ አምስት ፊደል ይፈቀድላችኋል። «መቀበያ» ይገባል፤ «እንግዳ ተቀባይ» አይገባም።

ብሬክፖይንት ስታኖሩ መጨረሻው ላይ «ትሬድ 2» ብላችሁ ብትጨምሩ ለሁለተኛው ትሬድ ብቻ ያቆምላችኋል። ወጥመዱን ግን አሁንም ሁሉም ይረግጡታል፤ ጂዲቢ የረገጠውን አይቶ፣ ሁለተኛው ካልሆነ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ይህ ማሳለፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ትሬድ በሚመላለስበት መስመር ላይ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል።

ዋናው መሣሪያ «ሼጁለር ሎኪንግ» የሚባለው ቅንብር ነው። «ኦን» ስትሉት ከዚያ በኋላ በምትሰጡት ትእዛዝ የሚንቀሳቀሰው የያዛችሁት ትሬድ ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ እንደታሰሩ ይቀራሉ። «ኦፍ» ስትሉት ሁሉም ይለቀቃሉ። «ስቴፕ» የሚባለው መካከለኛ ነው፤ መስመር በመስመር ስትሄዱ ሌሎቹን ይይዝላችኋል፣ «ኮንቲኒው»፣ ቀጥል፣ ስትሉ ይለቃቸዋል። ለዕለት ሥራ እኔ ስቴፕን እመርጣለሁ፤ ፊቱን የሚያዞርብኝ አይኖርም። ኦንን የማወጣው ነገር መሸረብ ሲያምረኝ ነው።

መሸረብ ያልኩት ይህንን ነው። በስምንተኛው ቀን ሻይ ይዤ ከጃንተከል ዋርካ ማዶ ተቀምጬ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። እስከዚያ ድረስ ትሬድ የማቆመው ለማየት ነበር። ነገር ግን አንዱን አስሮ ሌላውን መልቀቅ ከቻልኩ፣ የሼጁለሩ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እሱ በዓመት አንዴ የሚያመጣውን ቅደም ተከተል አሁኑኑ ማዘዝ እችላለሁ።

ተመለስኩና ብሬክፖይንቱን ክፍሉን ከሚያየው መስመር አንስቼ ቀጥሎ ወዳለው፣ ሒሳብ ወደሚሰላበት አዛወርኩት። ከመቀበያው ኮምፒውተር 12 ቁጥርን ያዝኩ። የመቀበያው ትሬድ «ነጻ ነው» የሚለውን አይቶ፣ ቁልፉን መልሶ፣ ገና ሳይጽፍ ቆመ። ሎኪንጉን ኦን አደረግኩ። ወደ ስልኩ ትሬድ ዞሬ ኮንቲኒው አልኩ፤ ከፎቁ ኮምፒውተርም ያንኑ ክፍል ያዝኩ። የስልኩ ትሬድ ብቻውን ተነሳ፤ ጥያቄውን ተቀበለ፣ ክፍሉን አየ፣ ነጻ ነው አለ፣ ብሬክፖይንቱ ላይ ደረሰ። እንደገና ኮንቲኒው። ስሙን ጻፈ፣ ደረሰኝ አወጣ፣ ቀጣዩን ጥያቄ ወደሚጠብቅበት ተመለሰ። ኮንትሮልና ሲ ተጭኜ አቆምኩት። አሁን ወደ መቀበያው ትሬድ ተመለስኩ። ለእሱ ምንም ጊዜ አላለፈም። በእጁ ያለው አሮጌ መልስ ነው፤ ክፍሉ ነጻ ነው ብሎ ያምናል። ኮንቲኒው። ስልኩ በጻፈው ላይ ጻፈበት። ሁለተኛ ደረሰኝ ወጣ።

የከተራ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገመ፤ የፈጀው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አሥር ጊዜ ደገምኩት፤ አሥሩንም ጊዜ ተሳሳተ። በሕይወቴ ስህተት እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም።

ዘዴው የእኔ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መብራት ጠፋበት። እኛ ጋ መብራት ጠፋ ማለት ዜና አይደለም፤ እዚያ ግን መንግሥታት መርማሪ አቋቋሙ። ከምክንያቶቹ አንዱ ኦሃዮ ውስጥ ባለ የመብራት ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ዝም ማለቱ ነበር፤ ሠራተኞቹ መስመሮቻቸው እየወደቁ መሆኑን አላወቁም። ሶፍትዌሩ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲሆን ውስጡ የተገኘው ሬስ ኮንዲሽን ነው፤ ሁለት ሂደቶች አንድ የጋራ ዳታ ላይ በአንዴ መጻፍ ቻሉ፣ ዳታው ተበላሸ፣ ማስጠንቀቂያው ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገባ። መሐንዲሶቹ ስህተቱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። እንዲደገም ያደረጉትም ኮዱ ውስጥ ሆን ብለው መዘግየት እየጨመሩ፣ ያቺን ጠባብ ቅጽበት እያሰፉ ነው። ዲበገር ይዞ አንዱን ትሬድ ማሰር ያንኑ መዘግየት በእጅ መስጠት ማለት ነው፤ ቅጽበቷን የፈለጋችሁትን ያህል ትዘረጋላችሁ።

አሁን ስለ ጉድጓዱ። አንዱን አስራችሁ ሌላውን ስትለቁ፣ የታሰረው ቁልፍ ይዞ ከሆነስ? እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ፕሮግራሜ ሎግ፣ የሠራውን የሚመዘግብበትን ማስታወሻ፣ የሚጽፍበት ፋንክሽን የራሱ ቁልፍ ነበረው። በአንዱ ሙከራ የመቀበያው ትሬድ ሎግ በመጻፍ ላይ ሳለ ታሰረ። የስልኩን ትሬድ ብቻውን ስለቀው እሱም ሎግ ሊጽፍ ቁልፉን ጠየቀ፤ ቁልፉ በእስረኛው ኪስ ነው። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ዴድሎክ፣ ትሬዶች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ ቆመው የሚቀሩበትን ስህተት፣ አገኘሁ ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ተደሰትኩ፤ ያገኘሁት ራሴ የሠራሁትን ነበር። እናንተ ያልጻፋችኋቸው ቁልፎችም አሉ። ሜሞሪ የሚያድለው ማሎክ ውስጥ ቁልፍ አለ፤ ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሪንትኤፍ ውስጥ ቁልፍ አለ። ሎኪንግ ኦን ሆኖ ፕሮግራሙ ቀጥ ካለባችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። አቁሙት፤ ስታኩን አይታችሁ ምን እየጠበቀ እንደሆነ እወቁ፤ ከዚያ ሎኪንጉን ኦፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። ከተንቀሳቀሰ ዴድሎኩ የእናንተ ነበር።

እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በሌላ በር መግባትም ይቻላል። «ፕሪንት» ብላችሁ ቫሪያብል ማየት ምንም አያመጣም። ፋንክሽን ስትጠሩበት ግን ዲበገሩ ፋንክሽኑን ለማስኬድ ፕሮግራሙን ለአፍታ ይለቀዋል። ሎኪንግ ኦን ካላላችሁ ሌሎቹም ትሬዶች በዚያች አፍታ አብረው ይሾልካሉ፤ ኦን ካላችሁ ደግሞ ፋንክሽኑ በእስረኛ ኪስ ያለ ቁልፍ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ፋንክሽን አትጥሩ።

ቁልፍ የያዘን ማሰር ዲበገር ሳይኖርም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን ዳግም ያስነሳ ጀመር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ትንሹ ትሬድ፣ ቅድሚያው ዝቅተኛ የሆነው፣ የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ተራውን ይነጥቁታል። ትልቁ ትሬድ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ይጠብቃል። ትልቁ ሥራውን በሰዓቱ ሳይጨርስ ሲቀር ተቆጣጣሪው ሥርዓት ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ በነበራቸው አምሳያ እያንዳንዱን ክስተት እየመዘገቡ እስኪደገም አስኬዱት። መፍትሔውም ቁልፍ የያዘው ትሬድ ለጊዜው የሚጠብቀውን ትሬድ ቅድሚያ እንዲወርስ ማድረግ ነበር፤ ቅንብሩ ሶፍትዌሩ ውስጥ ጠፍቶ ስለነበር ከምድር ሆነው አበሩት።

ጃቫ የምትጽፉ ከሆነ ስሙ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። የጃቫ ዲበግ ፕሮቶኮል ብሬክፖይንት ሲረገጥ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ማንም አይቁም፣ የረገጠው ብቻ ይቁም፣ ሁሉም ይቁም። ኢንተሊጄ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ብሬክፖይንቱን በቀኝ ስትጫኑ «ሰስፔንድ» ከሚለው ጋር «ኦል» እና «ትሬድ» ይመጡላችኋል። የእኔን ዓይነት ሙከራ ለመሥራት «ትሬድ» ይሻላል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ወጥመዱ ላይ ይቆማሉ፣ እናንተ መርጣችሁ ትለቃላችሁ። የማይክሮሶፍቱ የኮድ መጻፊያ ቪዥዋል ስቱዲዮ ደግሞ የትሬዶች መስኮቱ ላይ «ፍሪዝ» እና «ቶው» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች አሉት፤ ማርጋትና ማቅለጥ እንደማለት። የፈለጋችሁትን ያህል ትሬድ አርግታችሁ የቀሩትን ማስኬድ ትችላላችሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከጂዲቢ ይልቅ እሱ የተመቸ ይመስለኛል። ማቅለጡን ረስቶ «ፕሮግራሙ ሞተ» እያለ ግማሽ ቀን የዋለ ጓደኛ አለኝ።

ሁሉን ማቆም የማያዋጣበት ጊዜም አለ። ፕሮግራማችሁን ስታቆሙ የውጭው ዓለም አብሮ አይቆምም። የፎቁ ኮምፒውተር መልስ ሲዘገይበት ግንኙነቱን ይቆርጣል፤ ዳታቤዙ ሰዓት ይቆጥራል። ለዚህ ጂዲቢ ኖን ስቶፕ የሚባል አሠራር አለው፤ ወጥመዱን የረገጠው ብቻ ይቆማል፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት መታዘዝ አለበት። ዋጋው እያያችሁት ያለው ዳታ ከእጃችሁ ሥር ሊለወጥ መቻሉ ነው።

ስለ እውነተኛው ዴድሎክ ብዙ የምለው የለም፤ ከሬስ አንጻር የዋህ ነው። ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጂዲቢን ከቆመው ፕሮግራም ጋር አያይዛችሁ «ትሬድ አፕላይ ኦል ቢቲ» ስትሉ የሁሉም ትሬድ ስታክ ይወጣል፤ አንዱ የሌላውን ቁልፍ የሚጠብቅበትን ዙር በዓይን ታገኙታላችሁ። ጃቫ ላይ «ጄስታክ» ዙሩን ራሱ አግኝቶ ይነግራችኋል።

በእጅ ከማሰር በፊት መሞከር ያለባቸው መሣሪያዎችም አሉ። ትሬድ ሳኒታይዘር ከኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚለውጠው ፕሮግራም፣ ጋር የሚመጣ ሲሆን ያለ ቁልፍ የሚነካ የጋራ ዳታን ይጠቁማል፤ ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገየዋል፤ ሜሞሪውንም ከ5 እስከ 10 እጥፍ ያሳድገዋል። የእኔን ስህተት ግን አያገኘውም ነበር። የእኔ ኮድ ዳታውን ሲያይም ሲጽፍም ቁልፍ ይይዛል፤ እያንዳንዷ እርምጃ ብቻዋን ንጹሕ ናት። የተበላሸው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው፤ «ሦስቱ አንድ ላይ መሆን አለባቸው» የሚለውን ደግሞ ከሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ሞዚላ ውስጥ የተወለደው አርአር ደግሞ አንዱን ሩጫ ቀርጾ ያንኑ እንዳለ ደጋግሞ ያጫውታል፤ ወደ ኋላም ይሄዳል። ሲቀርጽ ትሬዶቹን አንድ በአንድ እያፈራረቀ ስለሚያስኬድ አንዳንድ ሬስ አይታይበትም፤ አንዴ ከተያዘ ግን አያመልጥም።

ማረሙ ቀላል ነበር። በመሃል ቁልፉን የሚመልሰውንና እንደገና የሚወስደውን፣ ሁለቱን መስመሮች አጠፋሁ፤ ትሬዱ ከማየት እስከ መጻፍ ቁልፉን ይዞ እንዲቆይ። ሰርቨሩ አንድ ስለሆነ ይህ ይበቃል። ሁለት ሰርቨር ቢሆን ኖሮ በአንዱ ሜሞሪ ውስጥ ያለ ቁልፍ ሌላውን አያስቆመውም፤ «አንድ ክፍል፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ እንግዳ» የሚለው ደንብ ዳታቤዙ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ከዚያ ያንኑ ሙከራ ደገምኩ። የመቀበያው ትሬድ ሒሳቡ መስመር ላይ ቆመ፤ አሁን ቁልፉ በእጁ ነው። ሎኪንግ ኦን። ወደ ስልኩ ትሬድ ዞርኩ፤ ኮንቲኒው አልኩና ከፎቁ 12 ቁጥርን ጠየቅኩ። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ቀደም ሲል ግማሽ ሰዓት ያታለለኝ ያው ጸጥታ ነው፤ አሁን ግን የምፈልገው እሱን ነበር። ኮንትሮልና ሲ ተጭኜ ስታኩን አየሁ፤ የስልኩ ትሬድ ቁልፉ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ብሬክፖይንቱን አነሳሁ፣ ሎኪንጉን ኦፍ አድርጌ ሁሉንም ለቀቅኳቸው። ከመቀበያው አንድ ደረሰኝ ወጣ። የፎቁ ስክሪን ላይ «12 ቁጥር ተይዟል» የሚል ጽሑፍ መጣ።